ሂዮብ ሉዶልፍ፦ ኢትዮጵያን በስሟ ለመጥራት የደከመው ጀርመናዊ ሊቅ

አውሮፓውያን የኢትዮጵያን ንጉሥ ለብዙ ዘመን በራሱ ስም አልጠሩትም። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሱ ዮሐንስ ይሉት ነበር፤ ንጉሥ ሞቶ ንጉሥ ቢተካም ለእነርሱ ያው ቄሱ ዮሐንስ ነበር። ግእዝንም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት ሲያትሙት የከለዳውያን ቋንቋ ነው ብለው ነበር። ይህን የተወሳሰበ ስሕተት ከሥሩ ለማረም ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ሰው፣ ኢትዮጵያን አንድም ቀን በዓይኑ ያላየ፣ በሙያው የሕግ ሰውና የመሳፍንት አማካሪ የነበረ ጀርመናዊ ነው። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰውየው ሥራ በፊት የሰውየው ስም ራሱ ታሪክ አለው።

የሕዝብ ተኩላ

ሉዶልፍ በ1624 በቱሪንጊያ ምድር፣ በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ጊዜው ጀርመንን ለ30 ዓመት ያወደመው የሃይማኖትና የሥልጣን ጦርነት የተፋፋመበት ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂዮብ የመጽሐፍ ቅዱሱ ኢዮብ ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ከተስፋፋ በኋላ በጀርመን ብዙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ከብሉይ ኪዳን ስም ያወጡ ነበርና ስሙ የዘመኑን መንፈስ የሚያሳይ ነው።

የቤተሰቡ ስም ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በጀርመንኛ ሎይትሆልፍ እየተባለም ይጻፍ የነበረው ይህ ስም ከሁለት ጥንታዊ ቃላት የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ሕዝብ፣ ሁለተኛው ተኩላ ማለት ነው። በ866 የሞተው የሳክሶኒ መስፍን ሊውዶልፍ ይባል ነበር፤ የልጅ ልጁ ሃይንሪሽ በ919 የጀርመን ንጉሥ ሆኗል። የታላቁ ኦቶ ልጅ፣ በ957 የሞተው የሽዋብ መስፍንም ይህንኑ ስም ይዟል።

በመካከለኛው ዘመን የጀርመን ሕዝብ ስም አወጣጥ በአብዛኛው ይህን መንገድ የተከተለ ነበር። ፍሪድሪሽ የሚለው ስም ሰላምንና ገዢን፣ በርንሃርድ ድብንና ጽኑን፣ ኮንራድ ደፋርንና ምክርን፣ የሴቶቹ ገርትሩድ ጦርንና ብርታትን ያጣምራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያም ገብረ ክርስቶስ፣ ወለተ ጴጥሮስ፣ ዐምደ ጽዮን፣ ዘርዐ ያዕቆብ ሁለት ቃላት ተጣምረው አንድ ሰው የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው። እንዲያውም ጎትሻልክ የሚለው የመካከለኛው ዘመን የጀርመን ስም የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት ሲሆን፣ ከኢትዮጵያው ገብረ እግዚአብሔር ጋር በትርጉም አንድ ነው።

ያ ሁሉ ሰው በአንድ ስም ብቻ ይጠራ ነበር። ሆኖም ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ በአንድ መንደር አምስት ኮንራድ፣ በአንድ ገበያ አሥር ሃይንሪሽ ተገኘ። ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በተለይ በራይን ወንዝ ዳር ባሉት ከተሞች ጸሐፊዎች ከዋናው ስም ጎን ቅጽል ስም ይጨምሩ ጀመር። አንዱ በሙያው ወፍጮ ፈጪው ወይም ቀጥቃጩ፣ አንዱ በመልኩ ጥቁሩ ወይም ረጅሙ፣ አንዱ በመጣበት አገር ባየሩ፣ አንዱ ደግሞ በአባቱ ስም ተጠራ። ቅጽሉ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቤተሰብ ስም ሆነ። ዛሬ በጀርመን ከሁሉ የሚበዛው የቤተሰብ ስም ሙለር ወፍጮ ፈጪ ማለት ነው። የሉዶልፍ ቤተሰብ ስምም በመጀመሪያ የአንድ ሰው መጠሪያ የነበረ፣ በኋላ የትውልድ ሁሉ መታወቂያ ከሆኑት መካከል ነው።

መኳንንቱ በበኩላቸው ሌላ ዓይነት ቅጽል ነበራቸው። ሉዶልፍ በተወለደበት በቱሪንጊያ ከገዙት መሳፍንት አንዱ ሉድቪሽ ዘላዩ፣ ሌላው ሉድቪሽ ብረቱ፣ አንዱም ፍሪድሪሽ የተነከሰው ይባላሉ። ስለ ሦስተኛው የሚነገረው አፈ ታሪክ እናቱ ከቫርትቡርግ ግንብ ሸሽታ ስትወጣ በስንብት ኀዘን ጉንጩን ነክሳዋለች ይላል። ቅጽል ስም ግን ሁልጊዜ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ የተጠራበት አይደለም። ቀይ ጢሙ የሚለውን የንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ ቅጽል ያወጡት ጣሊያኖች ናቸው። ሉድቪሽ ከግንብ ወደ ዛለ ወንዝ ዘለለ የሚለውን ታሪክ ደግሞ አንድ የላቲን ቃል በስሕተት በመነበቡ የተፈጠረ ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። የጥንት ስሞችን የሚያጠና ሰው ታዲያ ስሙ የተገኘው ባለቤቱ በኖረበት ዘመን በተጻፈ ሰነድ ነው ወይስ ከሞተ ከ200 ዓመት በኋላ በተገለበጠ ቅጂ? ጸሐፊው የሕዝቡን አነጋገር ጻፈ ወይስ ወደ ላቲን ለወጠው? ብሎ መጠየቅ አለበት። ሉዶልፍ በኢትዮጵያ ስሞች ላይ የጠየቀው ጥያቄም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

መጻሕፍት ያስተማሩት ግእዝ

ሉዶልፍ ገና ወጣት ሳለ በኤርፉርት የምሥራቅ ቋንቋዎችን መማር ጀመረ። በኋላም በሆላንድ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕግንና ቋንቋን አጠና። ግእዝን ያስተማረው መምህር ግን አልነበረም። በእጁ የገቡት ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ።

ከእነዚህ ቀዳሚው በ1513 በሮም የታተመው የዳዊት መዝሙር ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ቄስ ሲሆን፣ ታሪኩ ለስም ነገር ጥሩ ምስክር ይሆናል። ፖትከን በሮም ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ሲጸልዩ ሰማ፤ ከጸሎታቸው ሊለይ የቻለው የእመቤታችንን፣ የሐዋርያትንና የቅዱሳንን ስም ብቻ ነበር። በእነዚያ ስሞች ተስቦ ቋንቋውን ተማረ፤ መዝሙሩንም አሳተመ። ነገር ግን ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ ጠራው። በ1548 እና 1549 ደግሞ በሮም የነበሩት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳትመዋል።

ወጣቱ ሉዶልፍ እነዚህን እያነጻጸረ፣ የቃላት ዝርዝር እያዘጋጀ፣ ሰዋስውን በራሱ እያወጣ ቀጠለ። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ቋንቋውን በጆሮው ሰምቶ አያውቅም። ስሞች በፊደል ተጽፈው ያውቃቸዋል፣ ባለቤቶቻቸው እንዴት እንደሚጠሯቸው ግን አያውቅም።

የሮሙ ሳቅ

ይህ ክፍተት በ1649 ተሞላ። ሉዶልፍ በፓሪስ በነበረው የስዊድን አምባሳደር ተልኮ፣ የስዊድንን ታሪክ የሚመለከቱ ሰነዶችን ሊፈልግ ወደ ሮም ሄደ። የተላከበትን ሰነድ አላገኘም። ይሁንና ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አራት ኢትዮጵያውያን አገኘ።

ቋንቋቸውን በጀርመን አገር እንደተማረ ሲነግራቸው ማመን አቃታቸው። የብራና መጽሐፍ አቀረቡለትና አንብብ አሉት። ማንበብ ሲጀምር በአነጋገሩ ሳቃቸውን መቆጣጠር ተሳናቸው፤ ድምፆቹ ከላቲንና ከዕብራይስጥ የተገመቱ እንጂ የሰው አፍ የተናገራቸው አልነበሩም። ትርጉሙን ማብራራት ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ።

ከአራቱ አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። የትውልድ አገራቸው በአምሐራ ግዛት የሚገኘው መካነ ሥላሴ ነው። መካነ ሥላሴ በአፄ ናዖድና በልጃቸው በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን የታነጸው፣ በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦር የተቃጠለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉት ወገን ነበሩ። አፄ ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ፣ አባ ጎርጎርዮስም ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወገን ጋር ተሰደው በመጨረሻ ሮም ደረሱ።

በዚያች ከተማ የተጀመረው ወዳጅነት ለሁለቱም ሕይወት ወሳኝ ሆነ። አንዱ ቋንቋውን በፊደል ያውቃል፣ ሌላው ከእናቱ ጡት ጋር ጠጥቶታል። ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በግእዝ ይጻጻፉ ነበር፤ ከደብዳቤዎቻቸውም እስከ ዘመናችን የደረሱ አሉ።

ፍሪደንሽታይን

በ1652 ሉዶልፍ በጎታ መስፍን በኤርንስት ቤት ገባ፤ የመስፍኑን ልጆች ያስተምር፣ በመንግሥት ጉዳይም ያማክር ነበር። መስፍኑ በጦርነት የደቀቀውን ግዛታቸውን ለማቅናት የተነሡ፣ በ1642 ለልጆች ሁሉ የትምህርት ግዴታን ያወጁ ሰው ነበሩ። ሕዝቡም እንደ ጥንቱ የመካከለኛው ዘመን ልማድ ቅጽል አውጥቶላቸው ኤርንስት መንፈሳዊው ይላቸዋል።

በዚያው ዓመት መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጎታ እንዲመጡ ጋበዙ። ሉዶልፍ ኑርንበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። ፍሪደንሽታይን በተባለው በአዲሱ ግንብ ውስጥ ለጥቂት ወራት ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ምድር፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ሕጉና ስለ ኑሮው የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ። ከግእዝ ቀጥሎ ሉዶልፍ አማርኛን ከእርሳቸው ተማረ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው የትምህርት ዘርፍ በእነዚህ ወራት፣ በአንድ ጀርመናዊና በአንድ ኢትዮጵያዊ መካከል በተደረገ ጥያቄና መልስ ተጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉዳዩ ቃላትን የመሰብሰብ ብቻ አልነበረም። ስም በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ይበላሻል። በላቲን ፊደል ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጸ እና ሰ አንድ ይመስላሉ፤ አ እና ዐ ደግሞ ጨርሰው ይጠፋሉ። ፖርቱጋሎች እንደ ጆሮአቸው፣ ጣሊያኖች እንደ አፋቸው የጻፏቸው የነገሥታትና የቦታ ስሞች ከዋናው በጣም የራቁ ነበሩ። ሉዶልፍ በመጀመሪያ ስሙን በግእዝ ፊደል ጽፎ ማግኘትን፣ ቀጥሎ በአገሩ ሰው አንደበት መስማትን፣ ከዚያ ትርጉሙን ከሥርወ ቃሉ መመርመርን ልማዱ አደረገ። ዐምደ የሚለው ቃል ዐምድ ከሚለው መጥቶ ከሚቀጥለው ቃል ጋር የሚያያዝ መሆኑን፣ ዐምደ ጽዮንም የጽዮን ምሰሶ ማለት እንጂ ሁለት ስም አለመሆኑን ለማወቅ ሰዋስው ያስፈልግ ነበር።

የቄሱ ዮሐንስ መጨረሻ

የድካሙ ፍሬ በ1681 በፍራንክፈርት በላቲን ቋንቋ ታተመ፤ በአራት መጻሕፍት የተከፈለ የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ እንግሊዝኛ፣ ቆይቶም ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጎመ።

መጽሐፉ የሚጀምረው በስም ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የአገሩንና የሕዝቡን ልዩ ልዩ መጠሪያዎች ይመረምራል። ዐረቦች ካወጡት ሐበሻ ከሚለው ስም ይልቅ የአገሩ ሰዎች ኢትዮጵያ የሚለውን እንደሚወድዱ፣ ብሔረ አግዓዚ የሚባል መጠሪያም እንዳላቸው ለአውሮፓ አንባቢ ያስረዳል። ስለ መንግሥቱ የሚናገረው ሁለተኛው መጽሐፍም በነገሥታቱ ስምና ማዕርግ ይከፈታል።

በዚህ ስፍራ ሉዶልፍ የገጠመው ተረት ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። በሩቅ ምሥራቅ የሚኖር ዮሐንስ የተባለ ካህንና ንጉሥ እንዳለ መጀመሪያ የጻፈው ጀርመናዊው የፍራይዚንግ ጳጳስ ኦቶ ነው፤ ዘመኑም 1145 ነበር። ያ ንጉሥ በእስያ ሲፈለግ ጠፋ፤ በ14ኛው መቶ ዓመት ስሙ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ተዛወረ። ስሙን ጃን ሆይ ከሚለው የንጉሥ መጠሪያ ጋር ያያያዙም ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ግን ዝም አላሉም። በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ የተገኙት ከኢየሩሳሌም የመጡ መነኮሳት ንጉሣቸው በዚህ ስም መጠራቱን ተቃውመው ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ስመ መንግሥቱም ቈስጠንጢኖስ መሆኑን ገልጸዋል። የሰማቸው አልነበረም። ተረቱ ከእውነቱ ይጥም ስለነበር አውሮፓ ሌላ 200 ዓመት ቄሱ ዮሐንስን ሲጠራ ኖረ።

ሉዶልፍ ስሙ ከሌላ አገር መጥቶ በስሕተት የተለጠፈ መሆኑን አስረዳ። በምትኩም የነገሥታቱን እውነተኛ ስሞች ከነሥርዓታቸው አቀረበ። አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሲወለድ የተሰጠው፣ ሲነግሥ የተጨመረለትም ስም ሊኖረው ይችላል። ዐምደ ጽዮን በስመ መንግሥታቸው ገብረ መስቀል ናቸው። ልብነ ድንግል ዳዊትም ወናግ ሰገድም ተብለዋል። ገላውዴዎስ አጽናፍ ሰገድ፣ ፋሲለደስ ደግሞ ዓለም ሰገድ ናቸው። ይህን የማያውቅ የውጭ ሰው አንዱን ንጉሥ ሦስት ሰው አድርጎ ይቈጥራል፤ ወይም ሦስቱን አንድ ያደርጋል። ከዚያ በፊት የተጻፉት የአውሮፓውያን የነገሥታት ዝርዝሮች የተምታቱት በከፊል በዚህ ምክንያት ነበር።

የቅጽል ስም ልማድ ከሉዶልፍ ዘመን በኋላም በኢትዮጵያ አላቋረጠም። በ19ኛው መቶ ዓመት አፄ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ለጀርመኖቹ ሃይንሪሽ አንበሳው ወይም አልብረሽት ድቡ የሚለው ቅጽል የሰጠውን ክብር ለኢትዮጵያውያኑ የፈረስ ስም ሰጥቷል።

በባሕር የቀሩት መምህር

አባ ጎርጎርዮስ ግን የመጽሐፉን መታተም አላዩም። ከጎታ ወደ ጣሊያን ተመልሰው ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ለመግባት ተነሡ። በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ በሜዲትራኒያን ባሕር፣ በእስክንድሩን አካባቢ ስትሰበር ሰጥመው ሞቱ። መካነ ሥላሴን ለቀው ከወጡ ሩብ ምእት ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

ሌሎቹ ሙከራዎችም አልሰመሩም። ሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላቱንና ሰዋስውን እንዲያሳትምለት ተማሪውን ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን ወደ ሎንዶን ላከ። መጻሕፍቱ በ1661 ታተሙ፤ ተማሪው ግን በገዛ ፈቃዱ ያስገባቸው ለውጦች መምህሩን አሳዘኑ። በ1663 መስፍን ኤርንስት ይህንኑ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ቢልኩትም ከግብፅ አላለፈም፤ ወደ ሮም ተሻግሮ ካቶሊክ ሆነ። በ1683 ሉዶልፍ ራሱ ከኢትዮጵያ ጋር ንግድና ወዳጅነት ለመመሥረት እንግሊዝ ድረስ ተጉዞ ቢመክርም ውጤት አላገኘም።

የተሳካለት አንድ ነገር አለ፤ መምህሩን አልደበቀም። በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር ሰው ዕውቀት የቀሰሙ ብዙ ሊቃውንት የነገራቸውን ሰው ስም ሳይጠቅሱ ያልፉ ነበር። ሉዶልፍ ግን በታሪክ መጽሐፉና በ1691 ባሳተመው ሰፊ ማብራሪያ ውስጥ ይህን ያገኘሁት ከጎርጎርዮስ ነው ማለትን አልተወም። መልካቸውን በመዳብ ላይ አስቀርጾ ከስማቸው ጋር አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ በአገራቸው መቃብር የላቸውም፤ ስማቸው ግን በዚህ ምክንያት ሳይጠፋ ቀርቷል። ለነገሥታት ስም የተጨነቀው ሰው ለአንድ ስደተኛ ካህን ስምም በዚያው ልክ መጠንቀቁ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሉዶልፍ ከ1678 ጀምሮ በፍራንክፈርት ተቀመጠ። በ1690 የጀርመንን ግዛት ታሪክ ከጥንት ሰነዶች ለመጻፍ የተቋቋመው የታሪክ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነ። ስለዚህ የገዛ አገሩን የመካከለኛው ዘመን መዛግብትና የኢትዮጵያን ብራናዎች በአንድ ዘመን የሚመለከት ሰው ነበር። የቋንቋዎችንና የስሞችን ምንጭ ይመረምር ከነበረው ከታላቁ ፈላስፋ ከላይብኒትስ ጋርም ለብዙ ዓመታት ተጻጽፏል። 25 ያህል ቋንቋዎች ያውቅ እንደነበር ይነገርለታል።

በ1698፣ በ74 ዓመቱ፣ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በአማርኛ ላይ በማተሚያ ቤት የታተመ የመጀመሪያው ሰዋስው ይህ ነው። መጻሕፍቱ ሲታተሙ ዋና ምንጭ የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የግእዝ መዝገበ ቃላቱን፣ በ1702 ደግሞ የግእዝ ሰዋስውን እርሱ ራሱ እንደወደደው አርሞ እንደገና አወጣቸው። ሚያዝያ 8 ቀን 1704 በፍራንክፈርት ሞተ።

ከኤርፉርት እስከ ሎስ አንጀለስ

የጀርመን ስሞች ራሳቸው በሥርዓት ተሰብስበው የተጠኑት ከሉዶልፍ ሞት 150 ዓመት በኋላ ነው። ኤርንስት ፎርስተማን የተባለ የቤተ መጻሕፍት ሰው በ1856 ባወጣው የጥንታዊ ጀርመን የሰው ስሞች መዝገብ ከገዳማት የጸሎት መዝገብ፣ ከርስት ሰነዶችና ከእማኞች ዝርዝር ስሞችን ለቀመ። በራይሸናው ገዳም በ9ኛው መቶ ዓመት የተጀመረው የጸሎት መዝገብ ብቻ ከ38 ሺህ በላይ ስሞች ይዟል። በኢትዮጵያም የዚህ አቻ የሆነ ሀብት አለ፤ በየገዳሙ ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፉት የጉልት ስጦታዎች የሰጪውን፣ የተቀባዩንና የእማኞቹን ስም ከነማዕርጋቸው ይዘዋል። በአንዳንድ ብራናዎች የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ተጽፎበታል። የተፋቀውን ስም ፈልጎ ማንበብ ዛሬም የታሪክ ተመራማሪው ሥራ ነው።

የግእዝ ጥናቱም ትውልድ አላጣም። አውጉስት ዲልማን በ1865 ያሳተመው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት ሉዶልፍ በጣለው መሠረት ላይ የቆመ ነው። በ1955 በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመሩት ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1987 የግእዝን ቃላት ከሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር የሚያነጻጽር መዝገበ ቃላት አወጡ። የፕሮፌሰሩ መጠሪያ ቮልፍ ተኩላ ማለት ነው፤ በሉዶልፍ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ራሱ መሆኑ ነው።

በዚያችው ከተማ፣ ከክሬንሾው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ያለው አካባቢ በ2002 በከተማው ምክር ቤት ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ተሰይሟል። የስም ነገር በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው የሚጽፈው የአባቱን ስም ነው። በዚህም የአባት ስም እንደ ጥንቱ የጀርመን ከተሞች ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው በመታወቂያው ላይ ገብረ ብቻ ሆኖ ሥላሴ የመካከለኛ ስሙ ሲሆን፣ አገልጋይነቱ ቀርቶ የማን አገልጋይ እንደሆነ ይጠፋል። ሉዶልፍ በጎታ ግንብ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ትምህርት ይኸው ነበር፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ስም ናቸው፤ ከተለያዩ ትርጉማቸውን ያጣሉ።

ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳያይ ሞተ። ቄሱ ዮሐንስ ይባል የነበረውን ንጉሥ ግን በስሙ እንዲጠራ አድርጓል፤ ከለዳዊ ይባል የነበረውን ቋንቋ ግእዝ መሆኑን በሰዋስውና በመዝገበ ቃላት አረጋግጧል፤ ባሕር የወሰዳቸውን መምህሩንም ከነትውልድ ቦታቸው ለታሪክ አቆይቷል። ደብዳቤዎቹና ጽሑፎቹ በከፊል በፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ አባ ጎርጎርዮስ ያረፉበት የፍሪደንሽታይን ግንብም በጎታ ዛሬም ቆሟል።